የአባባ ድፎ እና የዞሊንገን ቢላዋ

አባባ ዳቦ ሲቆርሱ ቤቱ ጸጥ ይላል። ቴሌቪዥኑ ይጠፋል፣ ልጆቹ ከሶፋው ላይ ይወርዳሉ፣ ቡና የምታፈላዋም ማራገቢያዋን አስቀምጣ ትቆማለች። አባባ ጋቢያቸውን ወደ ትከሻቸው ሰብሰብ አድርገው፣ ቢላዋውን በቀኝ እጃቸው ይዘው፣ ሰፌድ ላይ ከተቀመጠው ድፎ ፊት ይቆማሉ። «ዓመት ዓመት ያድርሰን፤ የከርሞ ሰው ይበለን» ይላሉ። እኛም «አሜን» እንላለን። ከዚያ በኋላ መቁረስ ነው።

የ2017 እንቁጣጣሽ ግን ከ«አሜን» በኋላ የሆነው ሌላ ነበር። እማዬ የጋገረችው ድፎ በኮባ ተሸፍኖ፣ ከላይም ከታችም እሳት አግኝቶ፣ ጀርባው እንደ ገል ጠንክሯል። አባባ 79 ዓመታቸው ነው። የቀኝ እጃቸው ጣቶች በቁርጥማት ምክንያት እንደ ልብ አይጨብጡም። ቢላዋውን ጫን አደረጉት፤ ቅርፊቱ እምቢ አለ። ደግመው በኃይል ሲጫኑት ቢላዋው ተንሸራትቶ የግራ አውራ ጣታቸውን ቆረጠው።

ደሙ ብዙ አልነበረም። እማዬ በነጠላዋ ጫፍ አሰረችላቸው፣ ጤና ጣቢያ ሄደን ቁስሉ ተሰፋ፣ ለምሳ ደረስን። የከበደው ነገር የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ታናሽ ወንድሜ ለደግ አስቦ፣ «ከእንግዲህ አባባ ይመርቁልን፣ የመቁረሱን ነገር ለእኔ ተዉልኝ» አለ። ማንም አልተቃወመም፤ እኔም ጭምር። ገና መጣ፤ አባባ መረቁ፣ ወንድሜ ቆረሰ። ፋሲካም እንደዚያው ሆነ። አባባ አንድም ቀን ቅሬታ አላሰሙም። ብቻ እጃቸውን ጋቢያቸው ውስጥ ከተው፣ ሌላ ሰው ዳቦውን ሲቆርስ ዓይናቸውን ወደ መስኮቱ ያዞሩ ነበር።

ይህን ያጫወትኳት አንዲት የሥራ ባልደረባዬ፣ «ጥፋቱ የአባትሽ እጅ ሳይሆን የቢላዋው ነው። ባለ ጥርስ የዳቦ ቢላዋ ግዢላቸው» አለችኝ። ቀላል ምክር መሰለኝ። ሱቅ ገብቼ ስጠይቅ ግን ግራ ገባኝ። አንዱ በጥቂት መቶ ብር ይሸጣል፤ ሌላው፣ ከውጭ የመጣ ነው የተባለው፣ የአንድ ወር የቤት ወጪ ይጠይቃል። ሁለቱም ብረት ናቸው፣ ሁለቱም ጥርስ አላቸው። ሻጩን ልዩነቱን ብጠይቀው «ይሄ ኦሪጅናል ነው» ከማለት ሌላ መልስ አልነበረውም። ሁለቱንም ሳልገዛ ወጣሁ።

በዚያው ዓመት ሰኔ ላይ እህቴን ልጠይቅ ወደ ጀርመን፣ ወደ ኮሎኝ ከተማ ሄድኩ። ከመሄዴ በፊት «አባባ፣ ምን ይዤልዎት ልምጣ?» ብላቸው፣ «በሰላም ተመለሺ እንጂ እኔ ምን እፈልጋለሁ» አሉኝ። ኮሎኝን በስም ያውቋታል፤ ድሮ የጀርመን ድምፅ ሬዲዮን የአማርኛ ሥርጭት ሲያዳምጡ የለመዷት ከተማ ናት። ሌላም የጀርመን ነገር ቤታችን ውስጥ አለ። አባባ በጎልማሳነታቸው ጺማቸውን ይላጩበት የነበረ፣ ታጥፎ እጀታው ውስጥ የሚገባ ምላጭ ነው። ስለቱ ሥር በላቲን ፊደል አንድ ቃል ተቀርጾበታል፤ «ዞሊንገን» ይላል። ልጆች ሳለን የሠራው ሰውዬ ስም ይመስለን ነበር። ዞሊንገን ከተማ መሆኗን የነገረችኝ እህቴ ናት፤ ያውም ከእሷ ቤት በባቡር ግማሽ ሰዓት የማትሞላ።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት ከእህቴና ከ14 ዓመት ልጇ ጋር ተነሣን። ባቡሩ ከኮሎኝ ካቴድራል ሥር ተነሥቶ የራይንን ወንዝ ይሻገራል። የድልድዩ አጥር ፍቅረኞች ስማቸውን ጽፈው በቆለፏቸው ቁልፎች ተሸፍኗል፤ ቁልፉ ከመብዛቱ የተነሣ ብረቱ አይታይም። ወንዙን ካለፍን በኋላ ሜዳው ቀስ በቀስ ወደ ጉብታና ወደ ጫካ ይለወጣል። ዞሊንገን ስንወርድ የጠበቀን አውቶቡስ ጣሪያው ላይ ሁለት ረጃጅም ዘንጎች አሉት፤ በእነሱ ከላይ ከተዘረጋው ገመድ ኤሌክትሪክ እየሳበ ይሄዳል። ዞሊንገን እንዲህ ዓይነቱን አውቶቡስ እ.ኤ.አ. ከ1952 ጀምሮ ስትጠቀም ኖራለች፤ በመላው ጀርመን እሱን ያልተዉት ከተሞች ሦስት ብቻ ናቸው። የእህቴ ልጅ «አክስቴ፣ የአዲስ አበባውም ባቡር እንዲህ ነው አይደል?» አለችኝ። «ገመዱ ይመሳሰላል፤ የእኛው በሐዲድ ነው የሚሄደው» አልኳት።

የከተማዋ መሀል አዲስ ነው። አሮጌው ክፍል በሁለተኛው የዓለም ጦርነት፣ እ.ኤ.አ. በኅዳር 1944 ለሁለት ቀናት በወረደ የአውሮፕላን ድብደባ ወድሟል። ድሮዋን ማየት የሚፈልግ ግሬፍራት ወደሚባለው ሰፈር መሄድ አለበት። እዚያ ቤቶቹ በጥቁር የድንጋይ ቅጠል የለበሱ፣ የመስኮት ፍሬማቸው ነጭ፣ መዝጊያቸው አረንጓዴ ነው። ኮረብታው ላይ ባለው የቀድሞ የሴቶች ገዳም ውስጥ የጀርመን የስለት ሙዚየም ይገኛል። ስለት ስል የሳልነውን እንጂ የተሳልነውን ማለቴ አይደለም፤ ከጎራዴ እስከ ሹካ፣ ከቀዶ ሕክምና መሣሪያ እስከ ገበታ ቢላዋ የሰው ልጅ ለመቁረጥ የሠራው ሁሉ እዚያ ተደርድሯል።

ዞሊንገን በመካከለኛው ዘመን ጎራዴ በመሥራት ነው ስሟ የወጣው። ብረት ነበራት፣ ለከሰል የሚሆን ጫካ ነበራት፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ቩፐር የሚባል ወንዝና ወደ እሱ የሚወርዱ ጅረቶች ነበሯት። ውሃው የሞረድ ድንጋዩን ያዞራል። ሥራው ተከፋፍሎ ይሠራ ነበር፦ አንዱ ይቀጠቅጣል፣ አንዱ በእሳትና በውሃ ብረቱን ያጠነክራል፣ አንዱ ይስላል፣ አንዱ እጀታ ያበጃል። የእነዚህ ሰዎች ሥራ እኛም ዘንድ ደርሷል። ከመቶ ዓመት በፊት የእኛ መኳንንት ከታጠቋቸው ጎራዴዎች መካከል ስለታቸው ዞሊንገን የተሠራ ነበሩ። የአባባ ምላጭም በዚሁ መንገድ የመጣ ነው።

ስሙ ዛሬ በሕግ የተጠበቀ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1938 ጀምሮ ባለው የሕግ ጥበቃ መሠረት፣ ዋና ዋናው የሥራ ደረጃ በዞሊንገንና በአካባቢዋ ያልተከናወነ ዕቃ «ዞሊንገን» ተብሎ ሊጻፍበት አይችልም። የወይን ጠጅ በመንደሩ ስም እንደሚጠራው መሆኑ ነው። እኔም ይህን ስሰማ፣ «እንግዲያው ዋናውን ስም አግኝቻለሁ፤ ውድ ቢሆንም እገዛለሁ» ብዬ በልቤ ወሰንኩ። ውሳኔዬ ግን እስከ ከሰዓት በኋላ ብቻ ነው የቆየው።

ከሰዓት የእህቴ ባል በመኪና ተቀላቅሎን ወደ ቩፐር ወንዝ ወረድን። ወንዙ ዳር ባልክሃውዘር ኮተን የሚባል፣ ዛሬ ሙዚየም የሆነ አሮጌ የመሳያ ቤት አለ። ከውጭ የእንጨት መንኮራኩሩ አለ፤ ውስጡ ጨለም ያለ፣ የእርጥብ ድንጋይ ሽታ ያለው ነው። ትልልቆቹ የመሳያ ድንጋዮች ከወገብ ከፍ ይላሉ። ድሮ ሳዮቹ እነዚህ ድንጋዮች ላይ አጎንብሰው ነበር ቀኑን ሙሉ የሚውሉት። የድንጋዩና የብረቱ ብናኝ ሳንባቸው ውስጥ እየገባ ብዙዎቹ ያለ ዕድሜያቸው ይሞቱ ነበር። አንዳንዴም ድንጋዩ ሲዞር ፈንድቶ ሰው ይገድላል። የተሳለውን ስለት በቅርጫት አድርገው፣ በራሳቸው ተሸክመው ዳገቱን ወደ ከተማ የሚያወጡት ሴቶቹ ነበሩ። ሥዕላቸውን ሳይ የእንጦጦ እንጨት ተሸካሚ እናቶቻችን ትዝ አሉኝ። እናቶቻችን በጀርባ ነው፤ እነዚያ በራስ። ዳገቱ ግን ያው ዳገት ነው።

እዚያ ያገኘናቸው አስጎብኚ በዕድሜ ከአባባ ብዙም የማያንሱ፣ እጃቸው ሰፋፊ የሆነ አዛውንት ናቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ የሠሩት ስለት ሲስሉ እንደሆነ ነገሩን። የእህቴ ልጅ አስተርጓሚ ሆነችልን። «ውድ ባለ ጥርስ ቢላዋ ለአባቴ ልገዛ ነው፤ ያዋጣኛል?» ብዬ ጠየቅኳቸው። መልስ ከመስጠታቸው በፊት እሳቸውም ጠየቁኝ፦ «አባትሽ ምን ይቆርጡበታል? እጃቸውስ እንዴት ነው?»

ስለ ድፎ ዳቦ አስረዳኋቸው። ስፋቱን በሁለት እጄ አሳየኋቸው፣ ቅርፊቱ እንዴት እንደሚጠነክር፣ ውስጡ ደግሞ እንዴት ለስላሳ እንደሆነ ነገርኳቸው። ስለ አውራ ጣታቸውም አልደበቅኩም። አዛውንቱ ራሳቸውን ነቀነቁና ሁለት ቢላዋ አመጡ፤ አንዱ ልሙጥ፣ አንዱ ባለ ጥርስ።

«ልሙጡ ቢላዋ የሚቆርጠው ሲጫኑት ነው» አሉ። «ጠንካራ ነገር ላይ ለመጫን ደግሞ ጉልበት ያስፈልጋል። ጉልበት የሌለው እጅ ሲጫን ቢላዋው ይንሸራተታል። ባለ ጥርሱ ግን አይጫኑትም፤ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይስቡታል። የጥርሶቹ ጫፍ ቅርፊቱን ቀድሞ ይነክሰዋል፤ ስለነከሰውም አይንሸራተትም። ውስጡ ለስላሳ ቢሆንም ስለማይጫኑት ዳቦው አይደፈጠጥም።» ቀጥለው በጥርሶቹ መካከል ያለውን ጎድጓዳ በጥፍራቸው አሳዩኝ። ዋናው ስለት ያለው እዚያ ውስጥ ነው፤ ጫፎቹ ከመክተፊያው ጋር ሲጋጩ ጎድጓዳው ተጠብቆ ይቆያል። በዚህ ምክንያት ባለ ጥርስ ቢላዋ ሳይሳል ለብዙ ዓመት ያገለግላል።

«እንግዲያው ውዱን ልግዛ?» አልኩ።

አዛውንቱ ሳቁ። «ልጄ፣ እኔ የዚህ ከተማ ሰው ነኝ፤ ውዱን አትግዢ ማለት አይቀናኝም። ግን አንድ ነገር ልንገርሽ። ልሙጥ ቢላዋ ጥሩ ብረት ከሆነ በየሳምንቱ እየሳልሽው ለልጅ ልጅሽ ይተርፋል። ለእሱ የምታወጪው ገንዘብ በየቀኑ ይመለስልሻል። ባለ ጥርሱ ግን አንድ ቀን መደንዘዙ አይቀርም። ያኔ እያንዳንዱ ጎድጓዳ ለየብቻ በቀጭን ክብ ሞረድ መሳል አለበት፤ ወይም ወደ ሠራው ፋብሪካ ይላካል። አንቺ ካለሽበት አገር ማን ይልከዋል?»

ይህን ሲሉኝ የጠዋቱ ውሳኔዬ ፈረሰ። ለካ ውድ ዕቃ ስንገዛ የምንከፍለው ለዕቃው ብቻ ሳይሆን ለጥገናውም ነው። ጥገናው የሌለበት አገር ውድ ዕቃ ወስዶ ማስቀመጥ ግማሹን ዋጋ መንገድ ላይ እንደመጣል ነው።

ወደ ከተማ ተመልሰን ከፋብሪካዎቹ የሽያጭ ሱቆች ወደ አንዱ ገባን። ሻጯ ሦስት ባለ ጥርስ የዳቦ ቢላዋ ጠረጴዛ ላይ ደረደረችልን። የመጀመሪያው 15 ዩሮ ነው፤ ከብረት ሉህ ተቆርጦ የወጣ፣ ስስ፣ የፕላስቲክ እጀታ ያለው። ሁለተኛው 45 ዩሮ፤ እሱም ከሉህ የተቆረጠ ቢሆንም ወፈር ያለ፣ ርዝመቱ 25 ሴንቲ ሜትር፣ እጀታው ሰፊና የማያንሸራትት። ሦስተኛው 140 ዩሮ፤ በእሳት ተግሎ የተቀጠቀጠ፣ ከበድ ያለ፣ ሲያዩት ዓይን የሚስብ። በጊዜው ምንዛሪ ከ20 ሺህ ብር በላይ መሆኑ ነው። ሦስቱም ላይ «ዞሊንገን» የሚለው ስም አለ።

ሻጯ ለሙከራ ያስቀመጠችውን ቅርፊቱ ጠንካራ የሆነ የአጃ ዳቦ አወጣችልን። ሦስቱም ቆረጡት። ዓይኔን ጨፍኜ ብቆርጥ ኖሮ 140 ዩሮው የትኛው እንደሆነ በስለቱ አልለየውም ነበር። የለየሁት በእጄ ነው። የ15ቱ ቢላዋ ስስ ስለሆነ መሀል ላይ ሲደርስ ይጣመማል፤ ቁራሹ አንድ ጎኑ ወፍራም፣ አንድ ጎኑ ስስ ሆነ። የ140ው ቀጥ ብሎ ይወርዳል፤ ግን ይከብዳል። የሚደክም እጅ ደግሞ ክብደት አይወድም። መካከለኛው እጀታ እጄን ሞላልኝ፤ ጣቶቼን ሳላጥብቅም ያዝኩት። ጥርሶቹም ሾል ሾል ያሉ ሳይሆኑ ሰፋ ብለው እንደ ማዕበል የሚሄዱ ስለነበሩ ፍርፋሪው ትንሽ ነው።

ሻጯን ሰዎች 140ውን ለምን እንደሚገዙት ጠየቅኳት። «ለስጦታ፤ ለውበቱ፤ ከሌሎቹ ቢላዋዎቻቸው ጋር እንዲመሳሰል» አለች። እውነቷን ነው የተናገረችው። መቀጥቀጡ ለሥጋና ለሽንኩርት ቢላዋ ሚዛንና ጥንካሬ ይሰጠዋል፤ ዳቦን ለሚመጋዝ ቢላዋ የሚጨምረው ጥቂት ነው። ብረቱም ቢሆን፣ የዚያ አገር ቢላዋ በአብዛኛው የሚሠራው 0.5 በመቶ ያህል ካርቦንና 15 በመቶ ያህል ክሮሚየም ካለው ተመሳሳይ የማይዝግ ብረት ነው። የ45ቱን ገዛሁ። ከተረፈው ገንዘብ ላይ ለእማዬ ሽንኩርትና ድንች መላጫ የምትሆን ትንሽ ልሙጥ ቢላዋ ጨመርኩበት፤ እሷን ሞረድ ያለው ሁሉ ይስላታል።

ሻጯ ቢላዋዎቹን ካርቶን ውስጥ ከታ፣ ካርቶኑን በፕላስተር አሽጋ፣ «ቤት እስክትደርሱ እንዳትከፍቱት» አለችን። በጀርመን ከ12 ሴንቲ ሜትር የረዘመ ስለት ያለው ቢላዋ ያለ በቂ ምክንያት ይዞ አደባባይ መውጣት ክልክል ነው፤ የተገዛም ቢሆን በተዘጋ ዕቃ መያዝ አለበት። ደግሞም ይህች ከተማ በቢላዋ ስም ብቻ ሳይሆን በቢላዋ ሐዘንም ታውቃለች። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2024 ከተማዋ 650ኛ ዓመቷን ስታከብር አንድ ሰው በዓሉ መሀል ገብቶ በቢላዋ ሦስት ሰዎች ገድሏል። ይህን የነገረችኝ የእህቴ ልጅ ናት። በባቡሩ ላይ ካርቶኑን ጭኔ ላይ አድርጌ፣ አንድ ዓይነት ብረት በአንዱ እጅ ዳቦ፣ በሌላው እጅ ነፍስ እንደሚቆርጥ ሳስብ ኮሎኝ ደረስን።

ለሚመለከታችሁ ላስታውስ፦ ቢላዋ በእጅ ሻንጣ ወደ አውሮፕላን አይገባም። ከታች በሚጫነው ሻንጣ፣ ስለቱ በደንብ ተጠቅልሎ ነው የሚሄደው። እኔ በአባባ ሹራብ ጠቅልዬ ነው ያመጣሁት።

አዲስ አበባ ስገባ ግን ልቤ አላረፈም። «የ45 ዩሮ ቢላዋ ገዝቼ መርካቶ በጥቂት መቶ ብር የሚሸጠው እኩል ቢቆርጥስ?» የሚል ጥያቄ መጣብኝ። መርካቶ ወርጄ የወጥ ቤት ዕቃ ከሚሸጥባቸው ሱቆች አንድ ባለ ጥርስ ቢላዋ ገዛሁ። ስመለስ በእግር በሚሽከረከር ድንጋይ ቢላዋና መቀስ የሚስል አንድ ወጣት አገኘሁና አዲሱን ቢላዋ አሳየሁት። «ይሄ ሲደነዝ መሳል ትችላለህ?» አልኩት። አገላብጦ አየውና፣ «እችላለሁ እናቴ፤ ጥርሱን አውርጄ ልሙጥ አደርግልሻለሁ» አለኝ። ሳቄ መጣ። የዞሊንገኑ አዛውንት በብዙ ቃል የነገሩኝን እሱ በአንድ ዓረፍተ ነገር ጨረሰው። ጥፋቱ የእሱ አይደለም፤ ድንጋዩ ሰፊ ነው፣ ጎድጓዳው ደግሞ ጠባብ።

ከበዓሉ በፊት በነበረው ቅዳሜ እማዬ ለሙከራ ትንሽ ድፎ ጋገረች። ሁለቱንም ሞከርናቸው። እውነቱን ለመናገር የመርካቶውም ይቆርጣል፤ ቅርፊቱን ጥርት አድርጎ ነከሰው። ችግሩ ሁለት ነው። አንደኛ አጭር ነው፤ ድፎው መሀል ሲደርስ ጫፉ ውስጥ ይቀራል፣ እጅም ከዳቦው ጋር ይጋጫል። ሁለተኛ እጀታው ቀጭን ነው፤ ቀጭን እጀታ ለመያዝ ጣት መጠበቅ አለበት። የአባባ ጣት ደግሞ አይጠብቅም። ለወንድሜ ወይም ለእኔ ግን የመርካቶው ይበቃን ነበር።

እንግዲህ ብዙ ጊዜ የተጠየቅኩት ጥያቄ ስለሆነ የደረስኩበትን በአጭሩ ልናገር። ባለ ጥርስ ቢላዋ ዳቦ በሚጋገርበት ቤት ያስፈልጋል፤ ዕድሜ የገፋ ሰው ካለ ደግሞ የበለጠ ያስፈልጋል። ውድ መሆን ግን የለበትም። ስትገዙ ከዋጋው በፊት ርዝመቱን እዩ፤ ለድፎ 25 ሴንቲ ሜትር ጥሩ ነው፣ ከ20 ባያንስ ይመረጣል። እጀታውን ጨብጡት፤ ከተቻለ የሚጠቀምበት ሰው ራሱ ይጨብጠው። ጫፉን በጥንቃቄ ገፋ አድርጉት፤ በቀላሉ የሚጣመም ከሆነ ተዉት። ጥርሱ ሰፋፊ ቢሆን ፍርፋሪው ይቀንሳል። ሥጋና ሽንኩርት አትክተፉበት፤ ይዘነጥላል እንጂ አይቆርጥም። መክተፊያችሁ እንጨት ይሁን፤ ሸክላና ብረት ላይ አትቁረጡበት። አጥባችሁ ወዲያው አድርቁት፣ ከማንኪያ ጋር ቀላቅላችሁ አታስቀምጡት። ለቢላዋ የመደባችሁት ገንዘብ ካለ ዋናውን ክፍል በየቀኑ ለምትጠቀሙበትና ሰፈራችሁ ውስጥ ለሚሳለው ልሙጥ ቢላዋ አውጡት። ባለ ጥርሱ ሲደነዝ በአዲስ የሚተካ እንጂ የሚወረስ ዕቃ አይደለም።

የ2018 እንቁጣጣሽ ጠዋት ቢላዋውን አባባ ፊት አስቀመጥኩት። ለወንድሜ አስቀድሜ ነግሬው ነበር። አባባ ቢላዋውን አነሡና ጥርሱን በአውራ ጣታቸው፣ በዚያው ጠባሳ ባለው ጣት፣ ቀስ ብለው ዳሰሱት። «ይሄ ቢላዋ ነው መጋዝ?» አሉ። «የምላጭዎ አገር ሰው ነው አባባ» አልኳቸው። ስለቱ ላይ የተጻፈውን መነጽራቸውን አድርገው አነበቡና ለራሳቸው «ዞሊንገን» አሉ።

«አይጫኑት አባባ፤ ሳብ ሳብ ብቻ ያድርጉት» አልኳቸው። መረቁ፤ «አሜን» አልን። ቤቱ ጸጥ አለ። የሁላችንም ዓይን እጃቸው ላይ ነው። እማዬ ነጠላዋን ይዛ ቆማለች፤ ያለፈው ዓመት ትዝ ብሏት መሆን አለበት። አባባ ቢላዋውን ቅርፊቱ ላይ አሳርፈው ወደ ራሳቸው ሳቡት። ከዚያ ወደ ፊት ገፉት። ድምፁ እንደ እንጨት ነበር፤ ክርር፣ ክርር። አልተንሸራተተም። ቀስ እያሉ፣ ሁለት ጊዜ አረፍ እያሉ፣ ድፎውን ከዳር እስከ ዳር ለሁለት ከፈሉት። የጥቁር አዝሙዱና የኮባው ሽታ ቤቱን ሞላው።

አራት ቁራሽ ቆረሱ። የመጀመሪያውን ለትንሿ የወንድሜ ልጅ ሰጡ፣ ሁለተኛውን ለእማዬ። አራተኛውን ሲጨርሱ እጃቸው መድከሙ ታየኝ። ልናገር ስል ቀደሙኝ። ቢላዋውን በእጀታው በኩል ወደ ወንድሜ አዙረው፣ «በል ና፣ የቀረውን አንተ ጨርስ» አሉት።

ወንድሜ ተነሥቶ በሁለት እጁ ተቀበላቸው። ካለፈው ገና ጀምሮ ቢላዋውን ሲይዝ ኖሯል፤ ከአባባ እጅ ሲቀበል ግን ይህ የመጀመሪያው ነው።

የመርካቶው ቢላዋ እኔ ቤት ነው፤ የዘወትር ዳቦ እቆርጥበታለሁ። የዞሊንገኑ በካርቶኑ ውስጥ ተጠቅልሎ እነ አባባ ቤት ቁምሳጥን ላይ ተቀምጧል። ባለፈው እሑድ ስሄድ የወንድሜ ልጅ ቲማቲም ልትቆርጥበት አውርዳው ነበር። አባባ ከተቀመጡበት ሆነው፣ «እሱን ተዪው፤ የዳቦ ነው» ሲሉ ሰማኋቸው።